እሳት ስለ መከልከል

ገጠር ያደግነው በዓይናችን አይተነዋል፤ ከተማ ያደግነውም ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። ሌሊት እሳቱ የጠፋበት ቤት ጧት ገል ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። «እሳት ልጫር ነው» ይላል፤ ይጭራል፤ ይመለሳል። የሚከለክለው የለም። በድንበር የተካሰሱ፣ በሰርግ የማይጠራሩ ጎረቤታሞች እንኳ እሳት አይነፋፈጉም። እሳት እስከ መነፋፈግ ከደረሱ ግን ነገሩ ከሽማግሌም እጅ ወጥቷል ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፍም ቢጭሩት አይጎድልም። በሬ ግን እንዲህ አይደለም። በሬውን ያዋሰ ሰው በዚያ ቀን የራሱን ማሳ አያርስም። ስለዚህ በሬውን የከለከለ ገበሬ ቢበዛ «ቆጥቋጣ» ይባል እንደሆነ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይባልም።

የዛሬው ጽሑፋችን ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። የሰው ልጅ በእጁ ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ እጅግ ረቂቅ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ቺፕ፣ እርሱንም ለመሥራት የሚያስችለው ዕውቀት፣ እሳት ነው ወይስ በሬ? ያወቀ ላላወቀው የማካፈል ግዴታ አለበት ወይ? ካለበትስ ግዴታው የት ላይ ይቆማል? ይህ የመኝታ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም። ታላላቆቹ መንግሥታት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሚናቆሩባቸው ነገሮች ዋነኛው ይኸው ነው። «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ እንደሚያገባን ኋላ እንመጣበታለን። በቅድሚያ ግን ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቺፕ ማለት ጥፍር የምታህል የሲሊኮን ስባሪ ናት። በላይዋ ትራንዚስተር የሚባሉ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች ተሠርተውባታል። በኪሳችን ያለው ስልክ፣ የባንኩ ኮምፒዩተር፣ በሆስፒታል የልብ ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ሚሳይሉም ጭምር ያለ እርሷ አይሠሩም። የምትሠራው ደግሞ በሕትመት ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ይህች መጽሔት ከስቴንስል እንደምትባዛ ሁሉ የቺፕም ንድፍ ከአንድ ናሙና ላይ በብርሃን አማካይነት ወደ ሲሊኮኑ ይገለበጣል። ልዩነቱ፣ የእኛ ቀለም ሲደበዝዝ አንባቢ የጎደለውን ፊደል ገምቶ ያልፋል፤ እዚያ ግን አንዲት የአቧራ ብናኝ ከገባች ቺፑ ይበላሻል።

እጅግ ረቂቅ የሆኑትን ቺፖች የሚያትመውን መኪና ለገበያ የሚያቀርብ በዓለም ላይ አንድ ድርጅት ብቻ ነው፤ እርሱም በሆላንድ፣ ፌልድሆቨን በምትባል ከተማ የሚገኘው ኤ.ኤስ.ኤም.ኤል. ነው። በመኪናው ውስጥ የቀለጠ ቆርቆሮ በሴኮንድ 50,000 ጊዜ በጠብታ ይለቀቃል። እያንዳንዱ ጠብታ በሌዘር ሲመታ ብርሃን ይፈነጥቃል፤ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 13.5 ናኖሜትር ነው። ይህን ብርሃን አየርም ሌንስም ስለሚውጡት፣ ሥራው ሁሉ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ ከመስተዋት ወደ መስተዋት እየተንጸባረቀ ይከናወናል። የአንዱ መኪና ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል።

ታዲያ ይህን መኪና ማን ሠራው? «ሆላንዶች» ብሎ መመለስ ግማሽ እውነት ነው። መስተዋቶቹ የጀርመኑ የዛይስ ሥራ ናቸው። ሌዘሩም ከጀርመን፣ ትሩምፍ ከሚባል ድርጅት ይመጣል። የብርሃኑ ምንጭ የዳበረው በካሊፎርንያ፣ በሳን ዲዬጎ ነው። የመነሻው ምርምር በ1990ዎቹ በአሜሪካ መንግሥት ላቦራቶሪዎች ተካሂዷል። በሲሊኮኑ ላይ የሚቀባው፣ ብርሃን ሲነካው የሚለወጠው ኬሚካል በአብዛኛው የጃፓን ነው። በእነዚህ መኪናዎች በብዛት የሚያትመው ደግሞ የታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት እንግዲህ ይህ ነው። የቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. መሥራች ሞሪስ ቻንግ ራሱ በ1931 በቻይና፣ በኒንግቦ ተወለደ፤ በአሜሪካ ተማረ፤ እዚያው በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ 25 ዓመት ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ነው ታይዋን ሄዶ በ1987 ድርጅቱን ያቋቋመው። ዕውቀቱ በሰው እግር ሄዶ ደረሰ።

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ድሩን የፈተሉት ብዙዎች ናቸው፤ የሚቆልፈው ግን አንድ ሆነ። በ2018 የቻይናው ኤስ.ኤም.አይ.ሲ. ይህንኑ መኪና አዝዞ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የሆላንድን መንግሥት ከተጫነ በኋላ በ2019 የመላኪያው ፈቃድ ሳይታደስ ቀረ፤ መኪናውም ሳይሄድ ቀረ። ኦክቶበር 7 ቀን 2022 ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር ሰፊ ደንብ አወጣ። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያገለግሉ ከፍተኛ ቺፖችና መሥሪያቸው ያለ ፈቃድ ወደ ቻይና እንዳይሄዱ ከለከለ። በዚህም አላበቃም። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ወይም የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት ያለው ሰው፣ ከፍተኛ ቺፕ ለሚሠሩ የቻይና ፋብሪካዎች ያለ ፈቃድ በሙያው እንዳያግዝ አገደ። ልብ እንበል፤ ዕቃ ብቻ ሳይሆን በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕውቀትም ተቆለፈ ማለት ነው።

ወደ ፍርድ ከመሄዳችን በፊት የከልካዩን ክርክር ሳናዳክም ማቅረብ አለብን። ተከራካሪን በሌለበት መርታት ቀላል ነውና።

ከልካዩ እንዲህ ይላል፦ «ጎረቤቴ እሳት የሚጭረው ወጥ ለመሥራት ከሆነ ይጫር። ቤቴን ለማቃጠል እንደሆነ ካወቅሁ ግን ፍሙን ከሰጠሁ እኔው አቃጣይ ነኝ።» ማስረጃም አለው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አሜሪካና ተባባሪዎቿ ኮኮም በሚባል ማኅበር አማካይነት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሚሄደውን ቴክኖሎጂ ይቆጣጠሩ ነበር። ከ1982 ጀምሮ ግን የቶሺባ እኅት ኩባንያ የሆነ የጃፓን ድርጅት፣ ከኖርዌይ ኮንግስበርግ በተገኘ የኮምፒዩተር መቆጣጠሪያ የሚመሩ የብረት መቁረጫ መኪናዎችን በድብቅ ለሶቪየት ሸጠ። መኪናዎቹ የባሕር ሰርጓጅ መርከብን መዘውር አስተካክለው ለመቅረጽ ያገለግሉ ነበር፤ መዘውሩ ሲስተካከል የመርከቡ ድምፅ ይቀንሳል፤ ድምፁ ሲቀንስ ጠላት አያገኘውም። ነገሩ በ1987 ሲጋለጥ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት በአደባባይ የቶሺባን ሬዲዮ በመዶሻ ሰባበሩ። በዘመናችንም ከ2022 ወዲህ በዩክሬን ከተሞች ላይ በወደቁ የሩሲያ ሚሳይሎችና ድሮኖች ስብርባሪ ውስጥ የምዕራባውያን ኩባንያዎች ቺፖች ተገኝተዋል። ቺፗ በተሠራችበት አገር ምናልባት ለልብስ ማጠቢያ ትሆን ነበር፤ ኪየቭ ላይ የወደቀችው ግን በሚሳይል ራስ ውስጥ ሆና ነው። ስለዚህ «ዕውቀት ሁሉ ለሁሉም ይከፈት» ብሎ መፈክር ማሰማት፣ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ሳይጠይቁ መፍረድ ይሆናል። ይህን እኛም እንቀበላለን።

እንግዲህ መከልከል ሁሉ ግፍ ካልሆነ ግፉ የሚጀምረው ከየት ነው?

እኛ እንደሚመስለን የሚጀምረው ከልካዩ የሚከለክልበት ምክንያት ሲለወጥ ነው። በሴፕቴምበር 2022፣ ደንቡ ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የብሔራዊ ጸጥታ አማካሪ የነበሩት ጄክ ሱሊቫን ባደረጉት ንግግር አንድ ግልጽ ነገር ተናገሩ። ቀድሞ ከተፎካካሪ በአንድ ሁለት ትውልድ መቅደም ይበቃ እንደነበር፣ ከእንግዲህ ግን ቺፕን በመሳሰሉ መሠረታዊ ቴክኖሎጂዎች በተቻለ መጠን እጅግ ርቆ መቅደም እንደሚያስፈልግ ገለጹ። ይህ ሌላ ሐሳብ ነው። «ቤቴን እንዳያቃጥል» ማለትና «ወጡ እንዳይበስልለት» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ራስን መከላከል ነው። ሁለተኛው የሌላውን ምድጃ ለዘለዓለም ቀዝቃዛ ማድረግ ነው።

አንድ ጓደኛችን የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ አንብቦ «ቆይ እስቲ፣ ሁለቱን ማን ይለያቸዋል? ወጥ የሚያበስለውና ቤት የሚያቃጥለው እሳት አንድ አይደለም እንዴ?» አለን። ልክ ነው። የራጅ ፎቶግራፍ አንብቦ በሽታ የሚለየውንና የጦር ድሮን የሚመራውን ፕሮግራም የሚያሠለጥነው አንድ ዓይነት ቺፕ ነው። በዕቃው ብቻ ከሄድን መለየት አይቻልም። መለየት የሚቻለው በከልካዩ ጠባይ ነው ብለን እናስባለን። ለዚህም ሦስት መመዘኛ እናቀርባለን፤ አንደኛ፣ የሚፈራው ጉዳት በስሙ ተጠርቷል ወይ? ሁለተኛ፣ ከልካዩ ያንኑ ሕግ በራሱ ላይ ይቀበላል ወይ? ሦስተኛ፣ የተከለከለው የሚወጣበት በር አለ ወይ?

ከሦስተኛው እንጀምር፤ ከታሪካችን የምናውቀው ነገር አለና። በ1866 ዓፄ ቴዎድሮስ ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው የእጅ ባለሙያዎችን ከነመኪናቸው እንዲያመጣላቸው አዘዙ። የእንግሊዝ መንግሥትም ባለሙያዎችን ቀጥሮ እስከ ምጽዋ ላከ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ካልተለቀቁ ባለሙያዎቹ ወደ ደጋው እንዳይወጡ አደረገ። እስረኞቹ አልተፈቱም። ባለሙያዎቹና መኪናው ከባሕሩ ዳር ተመለሱ፤ በ1868 የመጣው ጦር ሆነ። ይህን ስናነብ የማይቆጨን የለም፤ የዕውቀት ደጃፍ ላይ ደርሶ መመለስ ነውና። ሆኖም ቁጭቱን ለጊዜው ወደ ጎን ብለን ብናየው፣ ያ ክልከላ በር ነበረው። እስረኞቹ ከተፈቱ ባለሙያዎቹ ይወጣሉ። በታሰሩት ሰዎች ዓይን ካየነው ደግሞ ቅድመ ሁኔታው ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። የ2022ቱን ደንብ በዚህ ብንለካው ግን ቻይና ምን ብታደርግ ይነሣላታል? ምን ብትተው ይከፈትላታል? «በተቻለ መጠን ርቆ መቅደም» ለሚል ዓላማ በር አይገኝለትም፤ ምክንያቱም የተከለከለው ጥፋቱን ሳይሆን ዕድገቱን ነው።

የመጀመሪያውን መመዘኛ፣ ጉዳቱ በስሙ ተጠርቷል ወይ የሚለውን፣ ገንዘብ ፈተነው። በኦገስት 2025 ኤንቪዲያና ኤ.ኤም.ዲ. የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ለቻይና ከሚሸጧቸው አንዳንድ ቺፖች ገቢ 15 በመቶውን ለመንግሥታቸው ሊሰጡ ተስማሙ፤ ሽያጩም ሊፈቀድ ሆነ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከእነዚያ የበለጠ ኃይል ያለው ኤች 200 የተባለው የኤንቪዲያ ቺፕ፣ 25 በመቶው ለመንግሥት እየገባ፣ ለቻይና እንዲሸጥ እንደሚፈቅዱ አስታወቁ። እንግዲህ እንጠይቅ፤ አደጋው እውነት ከሆነ በ25 በመቶ ይሰረያል ወይ? አደጋው እውነት ካልሆነስ በ2022 ሰዎች ከሥራቸው የተነሡት ለምን ነበር?

ሁለተኛው መመዘኛ ግን ማንንም አያስመልጥም፤ ቻይናንም ጭምር። ስትከለከል «ግፍ ነው» ያለችው ቻይና በ2023 ለቺፕ ሥራ የሚያስፈልጉትን ጋሊየምና ጀርማኒየም የተባሉ ማዕድናት ያለ ፈቃድ ከአገሯ እንዳይወጡ አደረገች። ከዓለም ጋሊየም እጅግ የሚበዛው የሚመረተው በእርሷ ነው። በዲሴምበር 2024 ጭራሹን ለአሜሪካ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ በኖቬምበር 2025 እገዳውን ለአንድ ዓመት ያህል አነሣችው። ጃፓንም እንዲሁ በ2019 ቺፕ ለመሥራት የሚያገለግሉ ሦስት ኬሚካሎች ወደ ደቡብ ኮርያ ሲሄዱ በጥብቅ ቁጥጥር እንዲሆን አደረገች። ምክንያቷ የጸጥታ ጉዳይ ነው አለች፤ ነገሩ የመጣው ግን የኮርያ ፍርድ ቤት በጦርነቱ ዘመን በግዳጅ ለተሠራ ሥራ የጃፓን ኩባንያዎች ካሳ ይክፈሉ ብሎ ከፈረደ በኋላ ነበር። ቁጥጥሩ የላላው በ2023 ነው። ሁሉም ሲነፈግ ስለ እሳት ያወራል፤ ሲነፍግ ስለ በሬ ያወራል።

አሁን «እኛን ምን አገባን?» ወደሚለው እንምጣ። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆኑ ቺፖችን ስለ ማከፋፈል አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ደንቡ ዓለምን በሦስት ከፈለ። ከአሜሪካ ሌላ 18 አገሮችና ግዛቶች ያለ ገደብ ይገዛሉ፤ አብዛኛው ዓለም በመጠን ይሰፈርለታል፤ የቀሩት ይከለከላሉ። በ18ቱ ውስጥ ከአፍሪካ አንድም አገር አልነበረም፤ አገራችንም አልነበረችበትም። ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል በሜይ 2025 ተሻረ፤ ስለዚህ ጉዳት ደረሰብን አንልም። ግን አንድ ነገር አስተምሮን አለፈ። ማንም ጥፋታችንን ቆጥሮ አልፈረደብንም፤ የሚቆጠር ጥፋትም አላስፈለገም። ሁለቱ ትልልቆች ሲጣሉ እግረ መንገዳቸውን ለእኛም መስፈሪያ ቆረጡልን። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚረገጠው ሣሩ ነው ይባላል፤ ሣር ግን ቢያንስ ለምን እንደተረገጠ አይጠይቅም። እኛ መጠየቅ እንችላለን፤ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ነው።

ይሁንና ጥያቄውን ለሌሎች ብቻ ብናቀርብ ከላይ ያወጣነውን ሁለተኛ መመዘኛ ራሳችን እንወድቀዋለን። እስቲ ወደ ግቢያችን እንመለስ። የፈተና ሰሞን ለአንድ ኮርስ ያለው መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ሆኖ ሳለ፣ አንዱን ከመደርደሪያው አውጥቶ በማይመለከተው ክፍል መጻሕፍት ጀርባ የሚደብቀው ማን ነው? ያለፈውን ዓመት ጥያቄ ከላይኛው ክፍል ተማሪ አግኝቶ ለአልጋ ጎረቤቱ እንኳ «እኔ ምንም የለኝም» የሚለው ማን ነው? ቃሉን ብናሳምረውም ዓላማው «በተቻለ መጠን ርቆ መቅደም» ነው። የሚደበቀው መጽሐፍ ቤት አያቃጥልም። የሚፈራው ጉዳት ጓደኛ ሊያውቅ መቻሉ ብቻ ነው። ዋሺንግተንን የምንወቅስበት ምላስ ቤተ መጻሕፍት ስንገባ የሚታሰር ከሆነ ወቀሳችን ቅናት እንጂ ፍትሕ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። እሳት ሊጭር የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ገል ይዞ፣ በቤቱም ጭራሮ አዘጋጅቶ ነው። ሶቪየት ኅብረት ዘሌኖግራድ የሚባል ሙሉ ከተማ ለኤሌክትሮኒክስ ሠርታ፣ የምዕራቡን ቺፕ እየገለበጠች ዓመታት ቆየች፤ ግን ሁልጊዜ የምትገለብጠው ትናንት የወጣውን ስለነበር ከኋላ መራቋ አልቀረም። በሌላ በኩል በኦገስት 2023 ሁዋዌ በአገሩ ውስጥ የተሠራ የ7 ናኖሜትር ቺፕ ያለበት ስልክ ሲያወጣ፣ ቺፑን ያተመው የሆላንዱን መኪና የተከለከለው ያው ኤስ.ኤም.አይ.ሲ. በቆዩ መኪናዎች ነው። ፍም ቢነፈጉ እንኳ ጭራሮ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሒሳቡን፣ ፊዚክሱን፣ የእጅ ሙያውን የሚያከብር ኅብረተሰብ ሳንሆን «ለምን አልሰጡንም?» ብቻ ብንል፣ ቢሰጡንም የምናነድበት የለንም። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ስንጽፍ ዕዳው የሳይንስ ፋኩልቲ ብቻ ነው ብለን አይደለም። ማን ለማን ምን እንደሚገባው መመርመር የእኛ ድርሻ ነው።

ማጠቃለያችን አጭር ነው። ዕውቀት እሳት ነው፤ መኪናው ግን በሬ ነው። በሬውን በዋጋ መሸጥ፣ አለመሸጥም የባለቤቱ መብት ሊሆን ይችላል። እሳቱን መከልከል የሚፈቀደው ግን ቤት የሚያቃጥል በስሙ ሲታወቅ፣ ከልካዩም በዚያው ሕግ ሲገዛ፣ ለተከለከለውም መመለሻ በር ሲተውለት ነው። ከዚህ ያለፈው የጎረቤትን ልጆች ጥሬ ማብላት ነው። በዚህ የማይስማማ ጓደኛ እንደሚኖር እናምናለን፤ መልሱን ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን። የደበቀው መጽሐፍ ካለም እግረ መንገዱን ወደ ቦታው ይመልስልን።